የሶፍትዌር አሠራር ማሻሻል በብር ሲሰላ ስንት ይመጣል? አጎቴን ምን ብዬ ላስረዳቸው?

የፒያሳው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ የሶፍትዌር ቤት አለን። አምስት ነን። ከተቋቋምን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። ለመድኃኒት ቤቶች፣ ለሆቴሎችና ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ፕሮግራም እንሠራለን። ሥራ አላጣንም። ደንበኛም አለን። ግን ወሩ አልቆ ደመወዝ ሲከፈል እጃችን ላይ የሚተርፍ ነገር የለም።

ቤቱ የቆመው በአጎቴ ገንዘብ ነው። የእናቴ ወንድም ናቸው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የእህል መጋዘን አላቸው፤ ሰሊጥም ይነግዳሉ። ባለፈው እሁድ ሂሳብ ስንተሳሰብ ደፈር አልኩና አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ለሦስት ወር አዲስ ሥራ መቀበል እንቀንስና አሠራራችንን እናስተካክል አልኳቸው። ደንበኛ የሚፈልገውን በጽሑፍ እንቀበል። አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው ሳያየው አይውጣ። ደንበኛ ጋ ሄደን ከመጫናችን በፊት የምንሞክርበት ኮምፒውተር ይገዛልን።

በደንብ አዳመጡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ሰሊጥ አስበጥራለሁ። ለአበጣሪዎቹም እከፍላለሁ። ግን የተበጠረው ሰሊጥ በኩንታል ስንት እንደሚጨምርልኝ አውቃለሁ። ያንተ ማበጠሪያ ስንት ይጨምራል?»

መልስ አጣሁ።

የምለው እውነት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ሂሳብ ፕሮግራም አስገባን። ባለቤቱ የክፍል ዋጋ ሲነግሩን ቫቱን ጨምረው ነበር። የእኛ ልጅ ቫት ያልገባበት መሰለውና 15 በመቶ ደመረበት። የጠየቀ የለም፣ የጻፈም የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘብ ያዧ የካሽ ሬጅስተሩ ድምርና የእኛ ሪፖርት አልገጥም ሲላት ደወለች። ኮዱን ማስተካከል ሁለት ሰዓት አልፈጀም። የሦስት ሳምንቱን መዝገብ አንድ በአንድ ማረም ግን ሁለት ሰው አራት ቀን ያዘ። ለዚያ ሥራ የከፈለን የለም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህን ነገር ወደ ብር የምለውጠው እንዴት ነው? ኢንተርኔት ላይ «አንድ ዶላር ያወጣ አምስት ያገኛል» የሚል አይቻለሁ። ለአጎቴ ብነግራቸው «የማን ዶላር?» ነው የሚሉኝ። እዚሁ ጎንደር ሞክሮ ቁጥር የያዘ ሰው ካለ ቢነግረኝ ውለታው አይረሳኝም።

አዘዞ_ኮደር፦

ወንድሜ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ ብትጠነቀቅ ይሻላል። እኛ ሦስት ነን። አንድ ጊዜ ሞክረነዋል። ፎርም አዘጋጀን፣ በየጠዋቱ ስብሰባ ተቀመጥን፣ ሰነድ በሰነድ ሆንን። ሁለት ወር ሙሉ የጻፍነውን አንድም ሰው ገልጦ አላነበበውም። ደንበኛ የሚከፍለው ስክሪን ላይ ለሚያየው ነገር ነው። ሲበላሽ ሄደን እናስተካክላለን፣ በቃ። የትልልቅ ድርጅት አሠራር ትንሽ ቤት ላይ መጫን ጥጃን ከበሬ ጋር መጥመድ ነው የሚሆንብኝ።

ማራኪ_5፦

ወንድሜ የፒያሳው፣ ጥያቄህ የእኔም ጥያቄ ነበር። ማራኪ አካባቢ ይህንኑ ሥራ የጀመርኩት በ2013 ነው። ዛሬ ከእኔ ጋር ስድስት ነን፤ አምስቱ ኮድ ይጽፋሉ። መልሴ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ነገሩ የገባኝን ቀን ልንገርህ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ጓዳ ገብቼ የዶሮ ወጡን ሽንኩርት እከትፋለሁ። ስልኬ ጮኸ። አንድ መድኃኒት ቤት ነው። «ፕሮግራሙ ዛሬ መስከረም 1 ነው ይላል» አሉኝ። ዘጋሁት፣ ሌላው ደወለ። ቀጠለ ሌላው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ደንበኛ ደወለልኝ። እጄ ሽንኩርት ነው፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ስልኩን በክርኔ ነው የማነሳው።

ነገሩ ገብቷችኋል። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ትሆናለች። ፕሮግራማችን ቀኑን ከኮምፒውተሩ የፈረንጅ ካላንደር ወስዶ ወደ እኛ ይመልሳል። የሚያውቀው ግን አምስት የጳጉሜን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱን ዓመት በአንድ ቀን አስቀደመው። ካልታረመ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ አንድ አንድ ቀን እየቀደመ ይሄዳል።

ስህተቱ አንድ መስመር ላይ ነበር። ከሁሉም ያንገበገበኝ ያችን መስመር ከስምንት ወር በፊት አርመናት የነበረ መሆኑ ነው። የሆቴሉ ፕሮግራም ላይ አንዱ ልጃችን አስተውሎ አስተካክሏት ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ፕሮግራም ከዚያው ኮድ የተገለበጠ ነው። ያኛው ላይም እንዳለች ማንም ትዝ አላለውም። ምን ከየት እንደተገለበጠ የተጻፈ ነገር አልነበረንም። አንዱ ያረመውን ሌላው አያይም።

በዚያን ሰሞን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስለነበር ከሩቅ ሆኖ ማረም አይታሰብም። እርማቱን በፍላሽ ይዘን በባጃጅ ዞርን። 14 መድኃኒት ቤት ነው። ከአራዳ ጀምሮ ቀበሌ 18፣ ሁለቱ አዘዞ፣ አንዱ ጠዳ። በዓሉን ጨምሮ ሁለት ሰው ሦስት ቀን። ቀናቸው የተዛባውን ሽያጮች ደግሞ እዚያው ቁጭ ብለን አስተካከልንላቸው። ከ14ቱ አንዷን ዘለልናት። የተዳረሰውንና ያልተዳረሰውን የያዝነው በጭንቅላታችን ነበርና። ሴትየዋ እስከ መስከረም 10 ድረስ አንድ ቀን እየቀደመች ስትመዘግብ ከረመች። በዓመቱ ውሏን አላደሰችም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላድስም።

መስመሯን ለማረም አሥር ደቂቃ፣ ለመዞር ሦስት ቀን። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በሳምንቱ ደብተር ገዛሁ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ለአራት ሳምንት ሁሉም ልጅ ማታ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጽፋል። ዛሬ አዲስ ነገር በመሥራት ስንት ሰዓት ሄደ፣ አንዴ «አልቋል» የተባለውን መልሶ በመሥራት ስንት ሰዓት ሄደ። ሌላ ምንም አይጠየቅም። በጻፈው ማንም እንደማይወቀስበት ቃል ገባሁላቸው፣ ጠበቅሁም። ልጆቹ ከፈሩ የሚጽፉልህ ውሸት ነው፤ በውሸት ላይ ደግሞ ምንም አታሰላም።

አሁን ሂሳቡን ተመልከት። አምስት ሰው በወር 160 ሰዓት፣ 800 ሰዓት ነው። ደመወዝ፣ በአሠሪው በኩል የሚገባው 11 በመቶ ጡረታ፣ የቤት ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ነዳጅ፣ ሁሉም ሲደመር የዚያን ጊዜ ወጪያችን በወር 144,000 ብር ነበር። ለ800 ስታካፍለው አንድ ሰዓት 180 ብር ይወጣበታል። አንተም ከሁሉ በፊት ይህችን ቁጥር አግኝ። አጎትህ የአንድ ኩንታል መግዣ ሳያውቁ እንደማይነግዱት ሁሉ አንተም የሰዓትህን መግዣ እወቅ።

ከ800 ሰዓት ውስጥ 290ው መልሶ ሥራ ሆኖ ተገኘ። በብር 52,200። በየወሩ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 130 ሰዓቱ ደንበኛው ያለው ሌላ፣ እኛ የሠራነው ሌላ በመሆኑ የጠፋ ነው፤ እንደ ሆቴልህ ቫት ማለት ነው። 75ቱ አንዴ ታርሞ ተመልሶ የመጣ ባግ፣ የኮድ ስህተት ማለት ነው። 55ቱ የመጫን ጣጣ፤ አሮጌ ፋይል ማስገባት፣ ዳታቤዙን ሳያስተካክሉ ፕሮግራሙን መቀየር። የቀረው 30 ልዩ ልዩ ነው።

እኔ ችግሩ ያለው ልጆቹ ኮድ ላይ ነው ብዬ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደብተሩ ሌላ ነገር ነገረኝ። ትልቁ ጉድጓድ የተቆፈረው ኮድ ከመጻፉ በፊት፣ እኔው ራሴ ደንበኛ ጋ ቁጭ ብዬ ስነጋገር ነበር። ያመጣሁላቸውን ወሬ ነው ልጆቹ የሠሩት።

ስለዚህ ከራሴ ጀመርኩ። ከደንበኛ ጋር ስነጋገር አንድ ገጽ እጽፋለሁ። በደንበኛው በራሱ ቃል። ከታች ምሳሌ ይገባል፣ በቁጥር። «አሞክሲሲሊን ሁለት ፓኬት ተሸጠ። የአንዱ ዋጋ ይህን ያህል። ስቶክ ላይ ከ40 ወደ 38 ይወርዳል። ደረሰኙ ላይ የሚታየው ድምር ይህን ያህል።» ደንበኛው አንብቦ ይፈርማል። የሚገርምህ ነገር፣ አብዛኛው አለመግባባት የሚወጣው ምሳሌው ላይ ስንደርስ ነው። «ኧረ እንዲህማ አይደለም!» ይላሉ። ያች «ኧረ» እዚያው ወረቀቱ ላይ ስትወጣ አምስት ደቂቃ ናት። ከተጫነ በኋላ ስትወጣ አራት ቀን ናት።

ሁለተኛ፣ ማንም ብቻውን ኮድ አያስገባም፤ ሌላው አይቶ እሺ ይላል። ሦስተኛ፣ ግድግዳ ላይ የደንበኞች ዝርዝር ተለጠፈ። በየስሙ ትይዩ የተጫነለት የፕሮግራም ቁጥርና ቀን ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ የዘለልነው ደንበኛ የለም። መሞከሪያ ያገለገለ ኮምፒውተር በ28,000 ብር ገዛን። ይህ ሁሉ ተደምሮ በወር 80 ሰዓት ይበላል፤ 14,400 ብር።

የመጀመሪያው ወር መልሶ ሥራው 300 ሰዓት ሆነ። ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ልጆቹም አኮረፉ። አንዱ «ፈተና ላይ ያለሁ ነው የሚመስለኝ» አለኝ። ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። በሁለተኛው ወር 280 ገባ፣ ከዚያ 230፣ 190፣ 165፣ በስድስተኛው 150። እያንዳንዱን ከ290 ቀንሰህ ስትደምረው በስድስት ወር የተረፈው 425 ሰዓት ነው፤ 76,500 ብር። ያወጣሁት ከነኮምፒውተሩ 114,400 ነው። ስድስት ወር ሙሉ ኪሳራ ላይ ነበርኩ ማለት ነው። ይህን ለአጎትህ አትደብቃቸው።

በሁለተኛው ስድስት ወር ነው ነገሩ የተገለበጠው። መልሶ ሥራው 150 ላይ ረጋ። ልጆቹም እጃቸው ስለፈታ የማየቱና የወረቀቱ ሥራ ከ80 ወደ 60 ሰዓት ወረደ። ዓመቱን ስደምረው ወጪ 179,200፣ የተረፈ 227,700 ብር። አንድ ብር ለወጣበት አንድ ብር ከ27 ሳንቲም። ኢንተርኔት ላይ ካየኸው አምስት በጣም ያነሰ ነው። ግን ከደብተሬ የወጣ ስለሆነ ማንም ቢጠይቀኝ ገጹን ገልጬ አሳያለሁ።

እህትህ ከማራኪ።

አዘዞ_ኮደር፦

እህቴ፣ የደብተሩን ነገር ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። 425 ሰዓት ተረፈ ብለሻል። የልጆቹ ደመወዝ ግን አልቀነሰም። ወሩ ሲያልቅ ያንኑ ይወስዳሉ። ታዲያ ያ 76,500 ብር የት ገባ? ባንክ ሂሳብሽ ላይ አይታይም እኮ።

ማራኪ_5፦

ጥሩ ቦታ ላይ ነው የነካኸኝ። እኔም መጀመሪያ እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ።

የተረፈ ሰዓት ብር የሚሆነው ሲሸጥ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የተረፈው ሰዓት ምን ሆነ? ልጆቹ በጊዜ ቤታቸው ገቡ። ቅዳሜ ከሰዓት መሥራት ቀረ። አንዷ ማታ ማታ ትምህርቷን ጀመረች። በእነዚህ ሁሉ ደስ ብሎኛል፣ ደግሞም ይገባቸዋል። ባንክ ግን ሳንቲም አልገባም። ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ብር ነበር።

በሰባተኛው ወር አንድ የቁጠባ ማኅበር ሥራ ይዞ መጣ። እንደ ድሮው ቢሆን አንድ ሰው መቅጠር ነበረብኝ፣ ካልሆነም አልችልም ብዬ እመልሳቸው ነበር። በተረፈው ሰዓት ሠራነው። ማንንም አልቀጠርኩም። ባንክ የገባው ብር ያ ነው።

ስለዚህ የፒያሳው፣ «አዲስ ሥራ እንቀንስ» ያልከውን አልደግፈውም። ሥራ ቀንሰህ ሰዓት ብታተርፍ የተረፈውን ለማን ትሸጠዋለህ? ሥራህን እየተቀበልክ ጀምር። በሦስቱም አትጀምር፤ ደብተሩ የትኛው ጉድጓድ ትልቅ እንደሆነ ሲነግርህ በዚያ አንዱ ጀምር። ምናልባት ያንተ ትልቁ የመጫን ጣጣ ይሆናል። እኔ እዚህ ሆኜ ላውቅልህ አልችልም።

ከሂሳቡ ውጭ የተውኩት አንድ ነገርም አለ። ከጳጉሜኑ ጣጣ በኋላ በነበረው ዓመት ሁለት መድኃኒት ቤት ጥሎን ሄዷል። ከዚያ ዓመት ወዲህ የሄደ የለም። ይህ ብር ነው፣ ትልቅ ብር ነው። ግን በአሠራሩ ምክንያት ይሁን በሌላ ማረጋገጫ ስለሌለኝ አልደመርኩትም።

አዘዞ፣ የጥጃውን ነገር በተመለከተ፣ ለሦስት ሰው የየጠዋት ስብሰባ ባይኖርም ምንም አይጎድልም። ተቀራርባችሁ ትቀመጣላችሁ፣ በቃ። ደብተሩን ግን ለአራት ሳምንት ሞክረውና ያገኘኸውን እዚህ ንገረን።

መምህሩ፦

ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ። «አምስት ለአንድ» ከየት እንደመጣ ባስረዳ የሚጠቅም መሰለኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በ1984 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሶፍትዌር የሚሠሩለት ድርጅቶች ነገር ቢያሳስበው ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። በ1986 ዋትስ ሃምፍሪ ከአይቢኤም ወጥተው እዚያ ገቡ። ከእሳቸውና ከባልደረቦቻቸው ሥራ ሲኤምኤም የሚባለው ባለ አምስት ደረጃ የሶፍትዌር አሠራር መለኪያ ተወለደ፤ በ1991 ወጣ። ያኔ የድርጅት ኃላፊዎች የጠየቁት የእርስዎ አጎት የጠየቁትን ነው። ስንት ይጨምራል?

ሂዩዝ ኤርክራፍት የተባለው የአሜሪካ የመከላከያ ሥራ ድርጅት በሁለት ዓመት የማሻሻያ ሥራ 400,000 ዶላር ገደማ አውጥቶ በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚቆጥብ በ1991 አሳወቀ። ሬይቲየን የተባለው ሌላው ድርጅት ደግሞ በ1993 አንድ ዶላር 7 ዶላር ከ70 ሳንቲም መለሰልኝ አለ። የሬይቲየን ቁጥር ውስጥ እኔን የሚስበኝ ሌላኛው ነው። መልሶ ሥራ ከጠቅላላው የፕሮጀክት ወጪ 41 በመቶ ይዞ ነበር፤ ወደ 11 በመቶ ወረደ። የማራኪዋን እህታችንን ደብተር ስመለከት ከ800 ሰዓት 290ው 36 በመቶ ነው። ትልቅ የአሜሪካ ድርጅትና የጎንደር መድኃኒት ቤት ፕሮግራም የሚሠሩ አምስት ልጆች ሲነሱ ከሞላ ጎደል አንድ ቦታ ላይ ነበሩ። የሶፍትዌር ተመራማሪዎቹ ባሪ ቦህምና ቪክቶር ባሲሊ በ2001 ባወጡት ጽሑፍም ከፕሮጀክት ድካም ከ40 እስከ 50 በመቶው ሊቀር ይችል የነበረ መልሶ ሥራ ነው ብለዋል።

አምስቱ የመጣው ኢንስቲትዩቱ በ1994 ካወጣው ሪፖርት ነው። 13 ድርጅቶች መረጃ ሰጡ። የማሻሻያው ወጪ ለአንድ ኢንጂነር በዓመት መካከለኛው 1,375 ዶላር ነበር። ለአንድ ዶላር የተመለሰው ከ4 እስከ 8.8፣ መካከለኛው 5። ይህን የመጨረሻ ቁጥር የሰጡት ግን አምስት ድርጅቶች ብቻ ናቸው። ያልተሳካለት ደግሞ ቁጥሩን ይዞ አይመጣም። ለዚህ ነው ለተማሪዎቼ አምስትን እንደ ዋጋ ዝርዝር አትጥቀሱት የምላቸው።

ከዚያው ከ2001ዱ ጽሑፍ ለትንሽ ቤት የሚሆን ሌላም አለ። ስህተት ከተረከበ በኋላ ማረም ገና ሲታሰብ ከማረም አንድ መቶ እጥፍ ይከብዳል የሚባለው ለትልልቅ ሥራ ነው። ለትንንሾቹ አምስት እጥፍ አካባቢ ነው ይላሉ። የእናንተ ትርፍ ከትልልቆቹ ማነሱ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ስለተዘለለችው መድኃኒት ቤት ሳነብ ናይት ካፒታል ትዝ አለኝ። የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ነበር። በ2012 አዲሱን ኮድ ከስምንት ሰርቨሮቹ ሰባቱ ላይ ጫኑ፣ አንዱን ዘለሉት። ኦገስት 1 ቀን ገበያው በተከፈተ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ ዝርዝር ዋጋዋ ይህን ያህል ነው።

የመድኃኒት_ቤቷ፦

እኔ ኮድ አላውቅም። ፋርማሲስት ነኝ። በደንበኛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

የምንጠቀመውን ፕሮግራም የሠሩት ልጆች ትሑትና ታታሪ ናቸው። ግን አንድ ቀን ካውንተሩ ጀርባ ቆመው አላዩንም። የመድኃኒት ማብቂያ ብዙ ጊዜ ወርና ዓመት ብቻ ነው የሚጻፍበት። የወሩ መጨረሻ ቀን ድረስ ያገለግላል። ፕሮግራሙ ግን ቀንም ሙሉ ይላል። ልጆቻችን 1 ብለው ይሞሉታል። እናም ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን መድኃኒቱ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ይቆለፋል። አንድ ወር ሙሉ ሊሸጥ የሚችል መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሰው በሐኪም ወረቀት መጥቶ «የለም» ተብሎ ሲመለስ አስቡት። መድኃኒቱ ከጀርባዬ አለ።

ስደውልላቸው መጥተው አስተካከሉት። ከዚያ አዲስ ነገር ሲጨምሩ ያ ችግር ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ጊዜ ስደውል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ እስካሁን ቅር ይለኛል።

የማራኪዋ እህቴ ያለችው ገጽ ለእኔ ቢመጣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። እፈርማለሁ። የዓመት ውል ሲታደስም ከሌላው ትንሽ ጨምሮ ለሚያስከፍል፣ ግን ለማይመላለስብኝ ሰው ብከፍል ይሻለኛል። የፒያሳው ወንድሜ፣ ዋጋህን ስትተምን ይህንንም አስበው።

የፒያሳው፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቄ በጣም ረድቶኛል፤ እንኳን አልተናገርኩት። እህቴ ከመድኃኒት ቤቱ፣ ሰኞ ካሉን ደንበኞች አንዱ ጋ ካውንተር ጀርባ ለግማሽ ቀን እንድቆም ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

እህቴ ማራኪ፣ ትናንት ማታ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ያንቺን ቁጥር በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። ስድስት ወር ኪሳራ፣ ከዚያ አንድ ብር ከ27። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። «ይህችን ልጅ አምናታለሁ፣ ኪሳራዋን ጽፋለች» አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝ አንቺ የጻፍሽውን ነው፦ «ሰዓቱ ሲተርፍህ ገዢ አለህ?» ወረፋ የያዙ ሁለት ሆቴሎች እንዳሉ ነገርኳቸው። አዲስ ሥራ አንቀንስም። የአራት ሳምንቱን ደብተር ካሳየኋቸው ኮምፒውተሩን ይገዙልናል። የሰዓታችንን መግዣም አብረን አሰላን፤ ካሰብኩት በላይ ነው። የቤት ኪራዩን ረስቼው ኖሯል ሰዓት የምተምነው።

ደብተሩን ዛሬ ጀመርን። የመጀመሪያውን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት አሮጌ ላፕቶፕ አውጥቼ ቀኑን ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ቀየርኩት። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 ነው፣ የ2019። የመድኃኒት ቤቱን ፕሮግራም ከፈትኩ። ከላይ በቀኝ በኩል «መስከረም 1 ቀን 2020» ይላል። ልጆቹን ጠራኋቸው። ዝም ብለው አዩት። አንዷ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ኮዱን ስትፈልግ ያችው መስመር በሦስቱም ፕሮግራሞቻችን ውስጥ ተገልብጣ ተገኘች። የመድኃኒት ቤቱንና የሆቴሉን ዛሬ አረምን፤ አንዱ ያረመውን ሌላው አይቶለታል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ፣ ተጽፏል። የቁጠባ ማኅበሩ የብድር መክፈያ ቀን ስላለበት ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እሱን ነገ ጠዋት ከሂሳብ ሠራተኛቸው ጋር ተቀምጠን ምሳሌ በቁጥር ጽፈን እንጀምረዋለን።